ትንሿ ጎረቤት የምታውቀው፣ ትልቋ አገር ያልተነገራት



"ደኅንነት" የሚለው ቃል በከተሞቻችን ሲነሳ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሻይ ቤት ውስጥ ከሆነ ግራና ቀኙን ይቃኛል። በአገራችን ደኅንነት የፖሊሲ ስም መሆኑ ቀርቶ የሰው መጠሪያ ሆኗልና። "እገሌ እኮ ደኅንነት ነው" ሲባል ሁላችንም እንገባባለን፤ ጋዜጣ ዘርግቶ ጆሮውን ወደ ሌላ ጠረጴዛ የሰጠ ሰው ማለት ነው። ይህ ቃል እንዲህ መዋረዱ በአጋጣሚ አይደለም። የአገር ደኅንነት ጉዳይ ለዓመታት ከሕዝብ ተሰውሮ በጥቂት ሰዎች እጅ ሲያዝ፣ ለሕዝቡ የሚተርፈው ከጉዳዩ ፍርሃቱ ብቻ ነው።

ፓርቲያችን ግን የብሔራዊ ደኅንነት ፖሊሲ የዘይት፣ የነዳጅ፣ የማዳበሪያና የመለዋወጫ ዋጋ ጉዳይ ነው ብሎ ያምናል። የልጆቻችሁ ሥራና ሕይወት ጉዳይም ነው። ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከደወሌና ከጋላፊ ማዶ ያለችውን ጎረቤታችንን ጅቡቲን እንመልከት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

"ኢትዮጵያን የሚያህል አገር ከጅቡቲ ምን ይማራል?" የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። ገዥዎቻችንም ይህን ትዕቢት ይወዱታል፤ የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ መጥቀስ የአንድ ወደብ ውል ከማንበብ ይቀላልና። ሐቁ ግን ይኸው ነው። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገራችን መርከብ የምታስጠጋበት አንድ ሜትር የራሷ ዳርቻ የላትም። ጅቡቲ ስፋቷ 23 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሕዝቧም አንድ ሚሊዮን ያህል ሆኖ፣ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ንግዳችን በእርሷ በር ይገባል፣ ይወጣል። በባሕር ጉዳይ ትንሿ አገር እኛ ነን።

ጅቡቲ በሰኔ 1977 ነፃ ስትወጣ ምን ነበራት? ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም። የሚታረስ መሬቷ ከቁጥር አይገባም። ከመሬቷ የሚወጣው በዋናነት የአሳል ሐይቅ ጨው ነበር። በአንድ ወገን የሶማሊያ ሰንደቅ ዓላማ አለ፤ በላዩ ካሉት የኮከብ ጫፎች አንዱ ጅቡቲን ያመለክታል ይባል ነበር። በሌላ ወገን የራሷ የአሰብና የምጽዋ ወደቦች ቢኖሯትም የእርሷንም ወደብ የምትጠቀም ኢትዮጵያ አለች። ገና ነፃነቷን አክብራ ሳምንታት ሳይሞላት ሁለቱ ጎረቤቶቿ በኦጋዴን ጦርነት ተያያዙ፤ የምድር ባቡሩም መሥመር ተቋረጠ። ትንሽ አገር በእንዲህ ያለ ሰዓት ከሁለቱ አንዱን መርጣ ብትጠጋ፣ የመረጠችው ሲወድቅ አብራ ትወድቅ ነበር።

የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን ከሁለቱም አልተጠጉም። የፈረንሳይ ጦር እንዲቆይ ተስማሙ። የቀድሞ ቅኝ ገዥን ጦር ነፃ በወጡ ማግሥት ማስቀመጥ ለኩሩ ሰው የሚመች ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ሁለቱም ጎረቤቶች ጅቡቲን ለመንካት ቢያስቡ ከማን ጋር እንደሚጋጩ አወቁ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ አገሪቱ ራሷን የባላንጣዎች መገናኛ አደረገች። በ1986 ኢጋድ፣ ያኔ በድርቅና በልማት ስም የተቋቋመው ድርጅት፣ መቀመጫውን እዚያ ሲያደርግ፣ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ጄኔራል ዚያድ ባሬ ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት የተገናኙት በጅቡቲ ምድር ላይ ነው። በሠራዊት ብዛት ከማንኛቸውም ጋር መመጣጠን የማትችል አገር፣ ሁለቱም የሚፈልጓት ቤት ሆነች።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ትንሽ አገር የደኅንነት ፖሊሲዋን የምትጀምረው "ጠላቴ ማነው?" ብላ አይደለም። "ሌላው ከእኔ የሚፈልገው ምንድን ነው? እኔስ ያለ ማን መኖር አልችልም?" ብላ ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ የጅቡቲ መልስ ቦታዋ ነው። ባብ ኤል መንደብ እጅግ በጠበበበት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከሕንድ ውቅያኖስ ወደ ስዌዝ የሚያልፍ መርከብ ሁሉ በዚያ ያልፋል።

ይህን ቦታዋን እንዴት እንደሸጠችው፣ ይቅርታ፣ እንዴት እንዳከራየችው እንይ። ከ2001ዱ የመስከረም ጥቃት በኋላ አሜሪካ የቀድሞውን የፈረንሳይ ሠፈር ካምፕ ሌሞኒዬን ያዘች፤ በ2014 ውሉ ሲታደስ የዓመት ኪራዩ ወደ 63 ሚሊዮን ዶላር ከፍ ማለቱ ተዘግቧል። በ2011 ጃፓን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የመጀመሪያውን የውጭ አገር የጦር ሠፈሯን እዚያ ከፈተች። ጣሊያን ተከተለች። በ2017 ቻይና ከአገሯ ውጭ የመጀመሪያ የሆነውን የጦር ሠፈሯን መረቀች፤ ከአሜሪካው ሠፈር በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ! ፈረንሳይም በ2024 ውሏን ለሃያ ዓመት ስታድስ የምትከፍለው 85 ሚሊዮን ዩሮ መድረሱ ተነግሯል። በዓለም ዙሪያ በጎሪጥ የሚተያዩ ኃይሎች በአንዲት ትንሽ ከተማ ጎረቤታሞች ሆነው ኪራይ ይከፍላሉ። አንዱ ቢኮርፍ ሌላው አለ። ጅቡቲን ለመንካት የሚያስብም በአንድ ጊዜ ስንቱን እንደሚያስቀይም ቆም ብሎ ማስላት አለበት።

ይህ ስሌት ተፈትኗል። በሰኔ 2008 የኤርትራና የጅቡቲ ወታደሮች በራስ ዱሜራ ተዋጉ። ጅቡቲ የሞቱባትንም የተማረኩባትንም ይዛ ወደ ተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት ሄደች። በጥር 2009 ምክር ቤቱ ኤርትራ ጦሯን እንድትመልስ የሚጠይቅ ውሳኔ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በኤርትራ ላይ ለተጣለው ማዕቀብ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የጅቡቲ ጉዳይ ነበር። በ2010 የኳታር ሸምጋዮች ገቡ። ማዕቀቡ በኅዳር 2018 ሲነሳ እንኳ፣ የደረሱበት ያልታወቀው የጅቡቲ ወታደሮች ጉዳይ በውሳኔው ውስጥ በስም እንዲገባ አድርጋለች። አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ያላት አገር የጥቂት ወታደሮቿን ጉዳይ አሥር ዓመት ሙሉ ሳትረሳ በየመድረኩ ስትይዝ አየን። እኛስ? በ1998ና በ2000 መካከል በባድመና በጾረና የወደቁትን ልጆቻችንን ቁጥር መንግሥታችን መቼ ነገረን?

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ይልሳል፣ ሞኝ ያለቅሳል ይላሉ አባቶቻችን። በ1998 ጦርነቱ ሲነሳ የአሰብ በር ተዘጋ፤ የኢትዮጵያ ጭነት በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ጅቡቲ ዞረ። ለጅቡቲ የተናደ የጨው ገደል ነበር፤ ላሰችው። በዚያ ገቢ ላይ ቆማ በ2006 ለዱባዩ ዲፒ ወርልድ የኮንቴይነር ወደብ ውል ሰጠች፤ የዶራሌ ወደብ በ2009 ሥራ ጀመረ። ከዚያ አዲሱ የባቡር መሥመር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቶ በ2018 መደበኛ ሥራውን ጀመረ።

እኛ ያን ጊዜ ምን ላይ ነበርን? ከአሰብ መዘጋት ሁለት ዓመት አስቀድሞ የደረሰብንን አንድ ነገር እናስታውስ፤ ብዙ ወጣቶች አልሰሙትም። በ1991 የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል መርከቦች ከምጽዋና ከአሰብ ወጥተው በጎረቤት ወደቦች ተጠልለው ነበር። የተጠለሉበት ወደብ ኪራይ ሳይከፈል ቀረ። በ1996 የጅቡቲ መንግሥት ላልተከፈለው የወደብ ኪራይ ሲል የቀሩትን መርከቦች ለጨረታ አቀረባቸው። የአንዲት ጥንታዊ አገር ባሕር ኃይል እንደ ተወረሰ ዕቃ በሐራጅ ተሸጠ። የትኛው ምክር ቤት ተከራከረበት? የትኛው ባለሥልጣን ተጠየቀበት?

ገዥዎቻችን የደኅንነት ፖሊሲ አልነበራቸውም ማለታችን አይደለም። በ2002 ኢሕአዴግ የውጭ ጉዳይና የብሔራዊ ደኅንነት ፖሊሲና ስትራቴጂ የተባለ ሰነድ አሳትሟል። ፍትሐዊ ለመሆን፣ በውስጡ ትክክለኛ ሐሳብ አለ፤ ለአገራችን ዋናው አደጋ ድህነት፣ ኋላ ቀርነትና የዴሞክራሲ እጦት ነው፣ ስለዚህ ከውስጥ ወደ ውጭ እንመልከት ይላል። ማንም ጤነኛ ሰው ይህን አይቃወምም። ችግሩ ያለው ሰነዱ በተወለደበትና ባደገበት ቤት ነው። የተረቀቀው በገዥው ፓርቲ አናት ባሉ ጥቂት ሰዎች ነው። ወደ ታች የወረደው ለክርክር ሳይሆን ለካድሬ ሥልጠና ነው። የዴሞክራሲ እጦት የአገር አደጋ ነው ብሎ የጻፈው መንግሥት ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግሥት፣ ድምፃችን ይከበር ያሉ ዜጎችን በጥይት መታ። የተገደሉት 193 መሆናቸውን መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አባላት ይፋ አድርገዋል። በሰነዱ መሠረት ከሄድን የአገሪቱ ዋና የደኅንነት አደጋ ሰነዱን የጻፈው መንግሥት ራሱ ነበር።

ከ2018 ወዲህስ? ስም ተቀየረ፣ አርማ ተቀየረ። በዚያው ዓመት በሐምሌ አስመራ ላይ የሰላም መግለጫ ተፈረመ፤ ሁላችንም ደስ አለን፤ ከእኛ መካከል በአደባባይ የዘፈኑም አሉ። ድንበሩ በመስከረም ተከፈተ፣ ወራት ሳይቆይ መልሶ ተዘጋ።  ስለ አሰብስ ምን ተባለ? ዛሬም የሚያውቀው የፈረመው ብቻ ነው። ከዚያ በሰሜን ሁለት ዓመት የፈጀ፣ ሕይወቱ ያለፈው ዜጋ ስንት እንደሆነ እስከዛሬ በውል ያልተነገረበት ጦርነት መጣ። በኅዳር 2021 ውጊያው ወደ ሚሌ አቅጣጫ ሲገፋ የአዲስ አበባ ገበያ ትንፋሹን ዋጠ፤ ሚሌ ከተያዘ የጅቡቲ መንገድ ተቆረጠ ማለት ነበርና። ከጥቂት ወራት በፊትም፣ በሐምሌ፣ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች መካከል በተነሳ ግጭት የተቆጡ ሰዎች መንገዱንም ባቡሩንም ዘግተው ነበር። የውጭ ጠላት አላስፈለገም። የአገሪቱን ጉሮሮ ለመያዝ በውስጥ ያልተፈታ ቅሬታና ጥቂት ድንጋይ በቂ ነበር።

በጥቅምት 2023 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ቀይ ባሕር በቴሌቪዥን ተናገሩ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ፓርቲያችንም ኢትዮጵያ የባሕር በር ያስፈልጋታል ብሎ ያምናል። ይሁን እንጂ በጥር 1 ቀን 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ሙሉ ጽሑፍ ለሕዝብ አልታተመም። ሃርጌሳ የዕውቅና ጉዳይ አለበት አለች፣ አዲስ አበባ ሌላ አለች፣ ሞቃዲሾ አገሬ ተደፈረ ብላ ግብፅን ጠራች። ዓመቱ ሳያልቅ በታኅሣሥ በአንካራ ሌላ መግለጫ ተፈረመ፤ የመጀመሪያው ሰነድ ምን እንደደረሰበት የተነገረው ዜጋ የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 አስፈጻሚው የሚፈርማቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንደሚያጸድቅ ይደነግጋል። "የመግባቢያ ሰነድ እንጂ ስምምነት አይደለም" የሚል የቃላት ብልጠት እንደሚመጣብን እናውቃለን። የአንድ አገር ጦር መርከብ የት እንደሚቆም የሚወስን ወረቀት ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ወጪውን የሚሸከመው ሕዝብ ሊያየው ይገባል።

ከዚህ ሁሉ የሚቆረቁረን ግን የበርበራ ነገር ነው። በ2018 ኢትዮጵያ በበርበራ ወደብ 19 በመቶ ድርሻ እንደያዘች ተበሠረ። ቴሌቪዥኑ ለቀናት ሲደጋግመው ሰማን። በ2022 የሶማሌላንድ ባለሥልጣናት ኢትዮጵያ የሚጠበቅባትን ግዴታ ባለማሟላቷ ድርሻውን ማጣቷን ተናገሩ። በሰላም፣ በውል፣ ማንንም ሳናስቀይም የያዝነውን ድርሻ በቸልታ አጥተን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ባሕር ዳርቻ ላይ ቀጠናውን ያናወጠ ወረቀት ፈረምን።

በዚያ ግርግር መካከል ትንሿ ጅቡቲ ያደረገችውን ተመልከቱ። አልፎከረችም። በነሐሴ 2024 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ማህሙድ አሊ ዩሱፍ የታጁራን ወደብ ኢትዮጵያ ታስተዳድር የሚል ሐሳብ በይፋ አቀረቡ። ደንበኛዬ ወደ ሌላ ሱቅ ሊሄድ ነው ያለ ነጋዴ እንደሚያደርገው፣ ዋጋውን አስተካክላ በሩ ላይ ጠበቀችን። እኚሁ ሰው በየካቲት 2025 እዚሁ አዲስ አበባ በተደረገ ምርጫ የኬንያውን ራይላ ኦዲንጋን አሸንፈው የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀመንበር ሆኑ። የደኅንነት ፖሊሲ እንዲህም ይሠራል፤ አንድ ጥይት ሳይተኮስ፣ የደንበኛን ሒሳብ በማወቅና በየአገሩ ወዳጅ በማብዛት።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት አለብን። ጅቡቲን እንደ ገነት አናቀርብላችሁም፤ ያ የካድሬ ሥራ ነው።

የጅቡቲ ፖሊሲ ብልህ ነው። ግን የማንን ደኅንነት ይጠብቃል? ፕሬዚዳንት እስማኤል ኦማር ጉሌህ በ1999 ሥልጣን ከያዙ በኋላ፣ በ2010 የሥልጣን ዘመን ገደቡ ከሕገ መንግሥቱ ተነሳ፤ በ2025 ደግሞ ለእጩ ፕሬዚዳንት የተቀመጠው የ75 ዓመት የዕድሜ ጣሪያ ተነሳ። ጦር ሠፈር የተከራዩት መንግሥታት ስለ ዴሞክራሲ ሌላ አገር ላይ ረጅም ንግግር ያደርጋሉ፤ እዚያ ግን አከራያቸውን ማስቀየም አይፈልጉም። ኪራዩም ባልባላ ሠፈር ድረስ አይወርድም፤ ወጣቱ ሥራ ፈት ነው። ከውጭ ዕዳዋ ትልቁ ድርሻ የቻይና ነው። በ2018 ዲፒ ወርልድን ከዶራሌ ስታስወጣ ሉዓላዊነቴን አስከበርኩ አለች፤ በለንደን የግልግል ፍርድ ግን ደጋግማ ተረታለች። ውል ሲፈረም ሕዝብ አላየውም፣ ሲፈርስም አላየውም፤ ካሣ ክፈል ሲባል ግን ዕዳው የእርሱ ነው። ይህ በሽታ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ስለዚህ ከጅቡቲ የምንወስደው ግማሹን ነው። ቦታን፣ ጊዜንና ጥቅምን ማስላቱን እንወስዳለን። ስሌቱ በቤተ መንግሥት ግቢ ተጀምሮ እዚያው ማለቁን እንተዋለን።

ሌላኛው ግማሽ ከሌላ ቦታ ይመጣል። ፊንላንድ ከሩሲያ ጋር ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ድንበር የምትጋራ፣ ሕዝቧ ከአዲስ አበባ ነዋሪ ብዙም የማይበልጥ አገር ናት። ከ1961 ጀምሮ የምክር ቤት አባላት፣ ጋዜጠኞች፣ ነጋዴዎችና የሃይማኖት ሰዎች የአገር መከላከያ ኮርስ ላይ አብረው ይቀመጣሉ፤ አገር ቢጠቃ ዳቦ፣ መብራትና ስልክ እንዴት እንደሚቀጥሉ አብረው ይማራሉ። በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር፣ የፊንላንድ መንግሥት የጸጥታ ሁኔታው እንዴት እንደተለወጠ የሚተነትን ሪፖርት ለምክር ቤቱ አቀረበ። ምክር ቤቱ ተከራከረ፣ በግንቦት 188 ለ8 በሆነ ድምፅ ኔቶን ለመቀላቀል ማመልከቻው እንዲገባ ደገፈ። የትኛው ወገን ልክ እንደነበረ እኛ አንፈርድም። የተቃወሙት ስምንቱ ግን ከሃዲ አልተባሉም፣ ማዕከላዊም አልገቡም። ሲንጋፖርም አለች። በ1965 ከማሌዥያ ስትለይ የምትጠጣው ውኃ ከጎረቤቷ ነበር የሚመጣው። በ1962 የተፈረመው የውኃ ውል እስከ 2061 ይሠራል፤ እርሷ ግን ውሉ እስኪያልቅ አልጠበቀችም፤ ከ2003 ጀምሮ የተጠቀመችበትን ውኃ አጣርታ መልሳ ትጠቀማለች። ያለ እርሱ መኖር የማልችለው ምንድን ነው ብላ ጠይቃ፣ መልሱን ለዜጋው ነገረች፤ ዜጋውም ለምን እንደሚቆጥብ አወቀ።

እኛም የሚፈለግብን ነገር አለን፤ ብዙዎቻችሁ የማታውቁት ስላልተነገራችሁ ነው። ጅቡቲ ከ2011 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ኃይል ከእኛ ትገዛለች። ከ2017 ወዲህ በሶማሌ ክልል ከሐደጋላ የሚሳብ የከርሰ ምድር ውኃ ወደ ጅቡቲ ከተማ ይሄዳል። አትክልቱ፣ ፍራፍሬው፣ የየዕለቱ ጫት ከዚህ ይሻገራል። በወደቧ ትልቁ ደንበኛ እኛ ነን። ይህን የምንጠቅሰው ውኃ ይዘጋ፣ መብራት ይቆረጥ ለማለት አይደለም። የተጠማን ጎረቤት ውኃ መከልከል በባህላችን ነውር ነው፤ ዛሬ የሚዘጋ ቧንቧ ነገ የሚዘጋ ወደብ ይሆናል። የምንለው፣ ውኃው በአንድ ጠረጴዛ፣ መብራቱ በሌላ፣ የወደብ ክፍያው በሦስተኛ ጠረጴዛ ለየብቻው ሲፈረም ኖሯል፤ በአንድ ጠረጴዛ ላይ በአንድነት ቀርቦ ይነገድበት ነው። ጅቡቲ ሁሉንም በአንድ መዝገብ እንደምትይዝ አትጠራጠሩ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህን አስቡ። በዶራሌ የኢትዮጵያ ጭነት ሲራገፍ፣ በዚያችው አገር ሰሜናዊ ዳርቻ በኦቦክ የኢትዮጵያ ልጆች በጀልባ ይጫናሉ። ከየከተሞቻችን፣ ከየገጠሩ በእግር በረሃውን አቋርጠው፣ ወደ የመንና ወደ ሳውዲ ለመሻገር። በ2024 ብቻ ከኦቦክ አካባቢ በደረሱ የጀልባ አደጋዎች በርካቶች በባሕር ቀርተዋል። ይህ በየትኛው የደኅንነት ሰነድ ውስጥ ተጻፈ? የመርከብ ፎቶግራፍ ያለበት የባሕር በር ዘመቻ ሲደረግ፣ የባሕሩን ውኃ የቀመሱት ኢትዮጵያውያን እነዚህ መሆናቸውን ማን አነሳ?

ፓርቲያችን ድምፃችሁን ካገኘ የሚከተለውን ያደርጋል። አዲሱ ምክር ቤት በተቋቋመ በመጀመሪያው ዓመት መንግሥት የአገሪቱን የደኅንነት ሁኔታ የሚያስረዳ ሪፖርት እንዲያቀርብ የሚያስገድድ ሕግ እናወጣለን፤ ምሥጢር መሆን ያለበት ክፍል በዝግ ለሁሉም ፓርቲዎች ተወካዮች ይቀርባል፣ የቀረው በአደባባይ ይታተማል፣ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን። እስካሁን የተፈረሙ የወደብና የትራንዚት ስምምነቶች ሁሉ ለምክር ቤቱ ይቀርባሉ። የጅቡቲ መሥመር ዋና ሆኖ ይቀጥላል፤ ሌላ ብለን ብንዋሻችሁ ነገ ማዳበሪያው ሲዘገይ ታፍሩብናላችሁ። ነገር ግን የበርበራው ድርሻ ለምን እንደጠፋ አጣርተን ለመመለስ እንደራደራለን፤ የላሙንና የፖርት ሱዳንን መንገዶች እንደየጊዜያቸው ሁኔታ ክፍት እናደርጋለን፤ አሰብንም በሰላማዊ ድርድርና በጋራ ጥቅም እንጂ በፉከራ አናነሳውም። በአፋርና በሶማሌ ክልሎች መካከል ያለው የወሰንና የግጦሽ ውዝግብ ከወደብ ጥያቄ ተለይቶ አይታይም፤ መንገዱ የሚያልፍበት ሕዝብ ከመንገዱ ካልተጠቀመ መንገዱን አይጠብቅልንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 87 መከላከያ ሠራዊቱ ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነፃ ሆኖ እንዲሠራ ያዝዛል፤ ይህ ለገዥው ፓርቲ ብቻ ሳይሆን ነገ ለእኛም ይሠራል፤ ካልሠራ ዛሬ የምንወቅሰውን ነገ እንሆናለን።

ይህ ሁሉ በአንድ የምርጫ ዘመን ይጠናቀቃል ብለን አንምልም። ወደብ በአምስት ዓመት አይገኝም። የሕዝብ ወኪል ፊት ቀርቦ ውል ማስረዳት ግን በሳምንት ይጀመራል።

የምርጫ ቅስቀሳው ሲጀመር እጩዎች ወደ ቀበሌያችሁ፣ ወደ ዕድራችሁ፣ ወደ ገበያችሁ ይመጣሉ። ኮፍያና ቲ ሸርት ይዘው ይመጣሉ፤ ተቀበሏቸው፣ ፀሐዩ ጠንካራ ነው። ከዚያ ጠይቋቸው። የበርበራው 19 በመቶ የት ገባ? የሶማሌላንዱ ሰነድ ሙሉ ጽሑፍ የት አለ? በአስመራ ስለ አሰብ ምን ተባለ? ለወደብ በዓመት ስንት እንከፍላለን፣ በማን ፊርማ? የእኛንም እጩዎች ጠይቁ፤ የማያውቅ ካለ አላውቅም ይበላችሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት መልሱን ይዞ ይምጣ።